ሦስቱ አውራ ዶሮዎችና የማንያህልሽ የበጋ ቀሚስ

«ልጆች፣ ጆሮ አላችሁ?»

«አለን!»

«እንግዲያው ለአንድ ተረት ያህል አውሱኝ።»

ድሮ ድሮ፣ መቀስ እንደ ልቡ በሚናገርበት፣ አህያ መልእክት በሚያደርስበት ዘመን፣ ፀሐይ በምትበረታበት አንድ የቆላ ከተማ ማንያህልሽ የምትባል ሴት ነበረች። ፊደል የቆጠረች፣ መጽሐፍ ያገላበጠች፣ ለአገሩ ሰው ሁሉ ደብዳቤ የምትጽፍ አዋቂ ነበረች። ግን ዓይነ አፋር ነበረች። ሰው ሲያናግራት መልሱን የምትሰጠው ለመሬቱ ነው። ቀሚሷ አመድማ፣ ሻሿ አመድማ። ከቤቷ ግድግዳ ተጠግታ ስትቆም ግድግዳው የቱ፣ ማንያህልሽ የቷ እንደሆነች አይለይም ነበር።

ይህች ሴት ለማንም ያልነገረችው ምስጢር ነበራት። ምስጢሩ ከአልጋዋ ሥር፣ በእንጨት ሳጥን ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ስድስት ክንድ ተኩል ጨርቅ ነው። መደቡ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ሲሆን፣ ላዩ ላይ ሦስት ቀያይ አውራ ዶሮዎች አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመዋል። እያንዳንዱ ዶሮ ሰፌድ ያህላል።

ጨርቁን የሰጧት አክስቷ እትዬ ዘርትሁን ናቸው። እናቷ ስትሞት በጀርባቸው አዝለው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። «ሴት ልጅ ትምህርት ምን ያደርግላታል?» ሲሏቸው፣ «እናንተ የማታውቁትን ታውቃለቻ!» ብለው ትምህርት ቤት ያስገቧት እሳቸው ናቸው። ትምህርቷን በጨረሰች ቀን ጨርቁን ሰጧትና «የበጋ ቀሚስ አሰፊበት፤ ከዚያ ለብሰሽ አሳዪኝ» አሏት።

ማንያህልሽ ጨርቁን ወደደችው። ሌሊት በሕልሟ ዶሮዎቹ ሲጮኹ ትሰማ ነበር። ግን አፈረችበት።

እትዬ ዘርትሁን የሚኖሩት ከወንዙ ማዶ ነው። በየዓመቱ እህል ሲገባ አህያቸውን ጤፍ ጭነው ይልኩላታል። አህያውም ጤፉን አራግፎ፣ ጆሮውን አቁሞ ይጠይቃታል፤ «እመቤቴ ‹ቀሚሱ ተሰፋ ወይ?› ይላሉ።»

ማንያህልሽም ለመሬቱ ትመልሳለች፤ «ልብስ ሰፊው ዘንድ ነው በላቸው።»

የመጀመሪያው ዓመት፣ ልብስ ሰፊው ዘንድ ነው። ሁለተኛው ዓመት፣ ልብስ ሰፊው ዘንድ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ ሁለት ዓመት ሞላ።

ሦስት ጊዜ ልትሰፋው ሞክራ ነበር። ሳጥኑ ውስጥ ግን ብል ነበር። ብል ጨርቅ ይበላል፣ ምክርም ይሰጣል።

በመጀመሪያው ዓመት ክዳኑን ስትከፍት ብል ብቅ አለና «ተይ እቴ! ገና ከትምህርት ቤት ወጥተሽ ‹እዩኝ እዩኝ› ልትዪ ነው? ሰው ምን ይላል?» አላት። ጨርቁን መለሰችው።

በአምስተኛው ዓመት ከፈተችው። «ተይ እቴ! አሁን የተከበርሽ ደብዳቤ ጸሐፊ ነሽ። የተማረች ሴት ዶሮ ትለብሳለች? ሰው ምን ይላል?» መለሰችው።

በዘጠነኛው ዓመት ከፈተችው። «ተይ እቴ! አሁንማ ጊዜው አለፈ። ሰው ምን ይላል?» መለሰችው። ክዳኑ ሲዘጋ ብል ከጨርቁ ጠርዝ አንዲት ጉርሻ ጎረሰ።

በአሥራ ሁለተኛው ዓመት አህያው ያለ ጭነት መጣ።

«ጤፉስ?» አለች ማንያህልሽ።

«ጤፉ ይደርሳል። የዛሬው ጭነቴ ወሬ ነው» አለ አህያው። «የእመቤቴ ዓይን እየጠፋ ነው። መጀመሪያ መርፌ ማየት ተሳናቸው። ከዚያ የሰው ፊት ተምታታባቸው። አሁን የሚታያቸው ትልቅ ትልቁ፣ ደማቅ ደማቁ ብቻ ነው። ‹እሱም ሳይጨልምብኝ ልጄን በዚያ ቀሚስ ልያት› ብለዋል። በሦስተኛው ቀን ይመጣሉ።»

ማንያህልሽ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። አሥራ ሁለት ዓመት ያንን ዓይን ማስጠበቋ ያን ጊዜ ገባት።

ሳጥኑን ጎትታ አወጣችና ከፈተችው። ብል ብቅ አለ፤ «ተይ እቴ! ሰው ምን...»

«ዝም በል!» አለች። ድምጿ ለራሷም አዲስ ሆነባት። ሳጥኑን እንዳለ ወደ ደጅ አውጥታ ፀሐይ ላይ ገለበጠችው። ብል ክንፉን አራገፈና ሌላ ሳጥን ፍለጋ ሄደ።

ለልብስ ሰፊ ለመስጠት አፈረች፤ ሦስት ቀንም አይበቃውም። ራሷ ልትሰፋው ወሰነች። በትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ተምራለች። መርፌና ክር አላት። መቀስ ከጎረቤት ተዋሰች።

መቀሱ ሽማግሌ ነበር። ዕድሜ ልኩን ነጭ ሸማ ሲቆርጥ የኖረ ነው። ጨርቁን አየና አፉን ከፍቶ ዘጋ።

«ቀላል ነው» አለ። «በዚህ አገር ቀሚስ የሚቆረጠው አንድ ዓይነት ነው። ጨርቁን ከመሀል ለሁለት እጠፊ። እጥፋቱ ትከሻ ይሆናል። እዚያው ላይ አንገት አውጪ። ግማሹ በፊት ይወርዳል፣ ግማሹ በኋላ ይወርዳል። አለቀ!»

ማንያህልሽም የአገሩን ልማድ ይዛ አጠፈችው። መቀሱም አንገት ሊያወጣ እጥፋቱ ላይ ቀጭ አደረገ።

«ወየው ዘውዴን!» የሚል ጩኸት ተሰማ። የጮኸው መሀለኛው ዶሮ ነው። እጥፋቱ ያረፈው እሱ ላይ ነበርና መቀሱ ከዶሮው ራስ ላይ ያለውን ቀይ ዘውድ ነክሶታል።

«እኔንስ እዩኝ!» አለ አንደኛው ዶሮ ከጀርባ በኩል። «ራሴ ወደ ታች፣ እግሬ ወደ ላይ! ከገበያ እንደተገዛ ዶሮ አንጠልጥላ ልትዞር ነው?»

ማንያህልሽ ገልብጣ አየችው። እውነትም በጀርባ በኩል ዶሮው ተዘቅዝቋል። ሌላ ጨርቅ የለም። ጊዜም የለም።

«እኔ ምን ላድርግ?» አለ መቀሱ። «ነጭ ሸማ ላይና ታች የለውም። እንዲህ ብሎ የጮኸብኝም ጨርቅ የለም።»

ያን ጊዜ መርፌ ተናገረች። መርፌ ትንሽ ናት፤ ስትናገር ግን ትወጋለች።

«አያ መቀስ፣ አንተ መለያየት እንጂ መግጠም መች ታውቃለህ? ጨርቁ መሬት ላይ ይዘርጋ። አንዱ ዶሮ ለፊት፣ አንዱ ለኋላ፣ ሁለቱም ራሳቸውን ቀና አድርገው ለየብቻ ይቆረጡ። ትከሻውን እኔ እገጥመዋለሁ።»

«ትከሻው ላይ ስፌት?» አለ መቀሱ። «በዚህ አገር?»

«በዚህ አገር ዶሮ የለበሰ ሰው አይተሃል?»

ማንያህልሽ ምንጣፉን ጠርጋ ጨርቁን ዘረጋችው። አሁን ደግሞ ጠቡ ወደ ዶሮዎቹ ዞረ።

«ደረት የእኔ ነው!» አለ አንደኛው። «ከላይ ያለሁት እኔ ነኝ።»

«የእኔ ነው!» አለ ሦስተኛው። «ጭራዬ ከሁላችሁም ይረዝማል።»

መሀለኛው ዶሮ ዘውዱ ላይ ያለውን ቁስል ይዞ ቆየ። ከዚያ «እኔ ተቆርጫለሁ» አለ። «ደረትም ጀርባም አልሆንም። ግን ቀሚሱ እጅጌ የለውም፣ ኪስም የለውም፣ የአንገቱም ዙሪያ ክፈፍ ያስፈልገዋል። ከእኔ ውሰጂ። ዓይኔን ብቻ ኪስሽ ላይ አድርጊልኝ፤ የሚሆነውን ልይ።»

ሁለቱ ዶሮዎች አፈሩ። አንደኛው «ደረቱን እሱ ይውሰድ» አለ። ሦስተኛው ደግሞ «የለም፣ አንተ ውሰድ፤ ጀርባ ይበቃኛል» አለ።

ማንያህልሽ መሀለኛውን ዶሮ በእጇ ዳበሰችው። «እግዜር ይስጥልኝ» አለችው። ይህን ቃል አሥራ ሁለት ዓመት ለሌላ ሰው መናገር ነበረባት።

በመጀመሪያው ቀን ተቆረጠ። በሁለተኛው ቀን ተሰፋ። መርፌ ትገባለች፣ ክር ይከተላል፤ መርፌ ትወጣለች፣ ክር ይከተላል። «ቀስ በይ እንጂ፣ ነፍሴ ወጣች!» ይላል ክር። «ነፍስህ ካልወጣች ቀሚሱ አይወጣም» ትለዋለች መርፌ። ብል የጎረሰው ጠርዝ ተቆርጦ ተጣለ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀሚሱ ምስማር ላይ ተሰቀለ፤ ቤቱም በራ።

በሦስተኛው ቀን ማንያህልሽ ለበሰችውና አክስቷን ልትቀበል ወጣች። ወደ ወንዙ የሚወስደው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በገበያው መሀል ያልፋል። ራሷን ደፍታ ገባች። ገበያው ጸጥ አለ።

በቅርጫት የታሰረች አንዲት ዶሮ አንገቷን አውጥታ «እናንተ! ይሄ ደግሞ የማን ጎረምሳ ነው?» አለች።

በርበሬ ሻጩ ሳቀና «ማንያህልሽ፣ ዶሮው ይሸጣል?» አላት።

ልትመለስ አሰበች። የአክስቷ ዓይን ትዝ አላትና ቀና ብላ ፊቱን አየችው። «አይሸጥም። ስጦታ ነው» አለችው።

በርበሬ ሻጩ መንገድ ለቀቀላት።

ከወንዙ ዳር ስትደርስ እትዬ ዘርትሁን በአህያቸው ላይ ተቀምጠው ሲመጡ አየቻቸው። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ወዲህ ወዲያ ይቃኛሉ። ዛፉን አልለዩትም፣ ሰዉን አልለዩትም። ድንገት እጃቸው ወረደ።

«ዶሮዬ!» አሉ። «ያውና ዶሮዬ! ከሥሩ ያለሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ዙሪ እስቲ!»

ዞረች።

«ጀርባም አለ! ቀጥ ብሎ ቆሟል! እልልል!» ከአህያው ወርደው በጣታቸው የዶሮውን ጭራ ከላይ እስከ ታች ተከተሉት። የትከሻውን ስፌት ዳበሱ። «ይሄ ልብስ ሰፊ እጁ ይባረክ። አሥራ ሁለት ዓመት ረግሜዋለሁ! እጁ ይሰንከል፣ ክሩ ይበጠስ ብያለሁ። በደልኩት። በይ አሁኑኑ ውሰጂኝ፤ እግሩን ይዤ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፣ አመሰግነዋለሁም።»

ማንያህልሽ መሬቱን አየች። መሬቱ ግን ጥያቄውን አልጠየቃትም። ቀና አለች።

«ልብስ ሰፊ የለም፣ እትዬ።»

«ሞተ?»

«ኖሮም አያውቅም። የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ በዚህ በሦስት ቀን። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጨርቁ ከአልጋዬ ሥር ነበር። ዋሽቼዎታለሁ።»

እትዬ ዘርትሁን እጃቸውን ከቀሚሱ ላይ አነሡ።

«ጠልተሽው ነው?»

«በጣም ወድጄው ነው። ሰው ሁሉ እንዲህ ደማቅ ነገር እንደምወድ ያውቅብኛል ብዬ አፈርኩ። ስለ ጨርቁ ምስጋናዬን አብሬ ደበቅሁት። ስላዘሉኝ፣ ስላስተማሩኝ፣ ምንም ሳልልዎት ኖርኩ። እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ። እግዜር ይስጥልኝ።»

የአሮጊቷ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ማንያህልሽ የሚያለቅሱ መስሏት ደነገጠች፤ እሳቸው ግን ይስቁ ነበር።

«ታዲያ ያ ሁሉ እርግማኔ ማን ላይ ወደቀ?»

«እኔ ላይ ነዋ!» አለ አህያው። «ልብስ ሰፊውን በረገሙ ቁጥር አርጩሜው የሚያርፈው ጀርባዬ ላይ ነበር!»

ሁለቱ ሴቶች እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እትዬ ዘርትሁን የአህያውን አንገት አቅፈው ይቅርታ ጠየቁት። ከዚያ ማንያህልሽን ክንዷን ያዙና «በይ ፊት ፊት ሂጂልኝ። ዛሬ ጠግቤ ልይሽ» አሏት።

እሷም ፀሐይ በጠራችበት፣ በገበያው መሀል፣ ራሷን ቀና አድርጋ መራቻቸው። እሳቸውም እሷ ቤት ሰንብተው፣ ዓይናቸው ጨርሶ እስኪጨልም ድረስ በቀረችው በጋ ሁሉ በየቀኑ አዩዋት።

ጆሯችሁን መልሻለሁ፤ የእኔም ክር እዚህ ላይ ተቋጠረ። እናንተ ግን ይችን ያዙልኝ፤

ስጦታን የደበቀ፣ ሰጪውን ደበቀ።