«ገና ነው» ያለችው ሴት

ስለ አንድ ሰው ተጠይቄ፣ እውነቱን እያወቅሁ ሌላ ተናግሬአለሁ። እህቴ፣ «አለቃዬ ሁልጊዜ ‹ገና ነሽ› ትለኛለች፤ መድረሴን በምን ልወቅ?» ብለሽ ለዚህ ዓምድ ስለ ጻፍሽልኝ ይህን አስቀድሜ መናገር ነበረብኝ። አሁን ምሳሌውን ስሚ።

አንዲት ሴት ነበረች። ከበሽታ የጸዳ የሙዝ ችግኝ በጠርሙስ ውስጥ የሚያራባ ድርጅት የላቦራቶሪ ኃላፊ ነበረች። በሥሯ አንድ ወጣት ተመራማሪ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣ ተቀብላ፣ ቢላውን በእሳት ማምከንን፣ ቡቃያ መቁረጥን ያስተማረችው እሷ ናት። የሌሎቹ ጠርሙስ ሻጋታ ሲያወጣ የእሱ ንጹሕ ነበር። አንድ ክረምት ጠርሙሱ ሁሉ ሲበላሽ መንስኤውን ፈልጎ ያገኘው እሱ ነው፤ እሷ ግን ስብሰባ ላይ «አገኘነው» አለች። እሱም ቅር አላለውም።

«ዶክተር፣ የራሴን ምርምር የምጀምረው መቼ ይሆን?» ሲላት፣ «ምን አስቸኮለህ? ትደርስበታለህ» ትለው ነበር።

ክፉ ሴት አልነበረችም። እናቱ ስትሞት ከለቀስተኛው ሁሉ ቀድማ የደረሰች እሷ ናት። «ልጄ» የምትለውም ከልቧ ነበር። ነገር ግን እሱ ከሄደ ሥራው እንደሚጓደል፣ በሥራውም የሚመሰገነው የእሷ ስም እንደሆነ ታውቃለች።

አንድ ቀን የሌላ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ደወለላት። አዲስ ላቦራቶሪ ከፍቶ ኃላፊ ይፈልጋል። ወጣቱ አመልክቶ፣ ስለ እሱ እንድትመሰክር የጠራው እሷን ነው።

«ያን ልጅሽን ለመጠየቅ ሽማግሌ ልላክ ወይስ በስልክ ትሰጪኛለሽ?» ብሎ ሳቀ።

እሷም ሳቀች። ከመስታወቱ ወዲያ ወጣቱ አንገቱን ደፍቶ ሲሠራ ታየዋለች። «እጁስ ወርቅ ነው» አለች። «ሰው ለመምራት ግን ገና ነው። ትንሽ ይብሰል።»

ቦታው ለሌላ ተሰጠ።

ወጣቱ ይህን ሲሰማ ወደ ቢሮዋ ገባ። በስልክ ያለችውን የነገሩት መስሏት ደነገጠች። እሱ ግን፣ «ዶክተር፣ ስለ እኔ ደህና እንደተናገሩልኝ አውቃለሁ፤ ዕድሌ አልሆነም እንጂ። እግዜር ይስጥልኝ» አላት።

ያን ጊዜ እውነቱን መናገር ትችል ነበር። «አይዞህ፣ ሌላ ይመጣል» አለችው።

ሌላ አልመጣም። ልጁ ራሱ «ገና ነኝ» ማለት ጀመረ። ማመልከት ተወ፤ ሐሳብ ሲጠየቅ አስቀድሞ የእሷን ፊት ያይ ነበር። በመጨረሻ ሙያውን ትቶ የወንድሙ ቀለም መሸጫ ሱቅ ገባ። ሲሰናበታትም፣ «ብዙ ደክመውብኝ ነበር፤ እንዳሰቡልኝ ሳልሆን ቀረሁ» አላት።

እህቴ፣ በጠርሙስ ውስጥ ያለ ችግኝ ስኳር እየተመገበ ሲያምር ላየው ሁሉ ደስ ይላል። ጊዜው ሲደርስ ግን ክዳኑ ቀስ በቀስ ተከፍቶ ነፋስ ካልለመደ፣ አፈርም ካልያዘ፣ እዚያው እንዳማረ ይጠወልጋል። ሴትዮዋ ይህን ለሙዝ አሳምራ ታውቅ ነበር። የሰውን ክዳን ግን በእጇ ይዛ፣ የልጁን መድረስ በራሷ ፍርሃት ለካች። አንቺም መድረስሽን፣ ብትሄጂ የሚጎድልበትን ሰው ብቻ አትጠይቂ። ሥራሽን ሌላም ዓይን ይየው።

ያቺ ሴት እኔ ነኝ። በልጁ ፊት ለመቆም አፍሬ እስከ ዛሬ እውነቱን አልነገርኩትም። ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ይቅር በሉኝ።