የእትዬ ማንያህልሻል የግብር ደረሰኝ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ነገር ላውራችሁ። ረዘም ይላል፤ ግን አንዱ አንዱን እየጎተተ ስለሚመጣ አትጠፉም። ደግሜ ደጋግሜ የምለውን እናንተም ከእኔ ጋር በሉት።

ሾላ በር በምትባል ከተማ እትዬ ማንያህልሻል የሚባሉ ሴት ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብሎኬት ሲያመርቱ የኖሩ ናቸው። አሸዋውን ከሲሚንቶው ያዋህዳሉ፣ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ይጠቀጥቃሉ፣ አውጥተው ያሰልፋሉ፣ ውኃ ያጠጣሉ። ከደመወዛቸው ላይ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ብሎኬት ለራሳቸው እየገዙ በአሥራ አንድ ዓመት ሁለት ክፍል ቤት ሠሩ። መሠረቱን ያስቆፈሩት በሰው ነው፤ ግድግዳውን የገነቡት ግን በገዛ እጃቸው ነው።

ያን ጊዜ ቤቱን ሊመዘግብ የመጣው ሰው ስማቸውን አልጠየቃቸውም። ሰፈሩ ሁሉ “የብሎኬቷ ሴትዮ” ይላቸው ነበርና፣ እሱም የባለቤት ስም በሚለው ቦታ “የብሎኬቷ ሴትዮ” ብሎ ጽፎ ሄደ። እትዬ ማንያህልሻል ሃያ ዓመት የቤት ግብር የከፈሉት በዚሁ ስም ነው። ደረሰኙን ይቀበላሉ፣ አራት ቦታ ያጥፉታል፣ ሳያነቡት ቦርሳቸው ውስጥ ይከቱታል። ካነበቡት ስለሚከፋቸው ነው።

በዚያ ዓመት ታዲያ ማዘጋጃ ቤቱ በየቤቱ ማስታወቂያ በተነ። እትዬ ማንያህልሻል ቁጭ ብለው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። ከዘንድሮ ጀምሮ ግብር የሚከፈለው በባለቤቱ ሙሉ ስም ነው ይላል። የመጨረሻው ቀን ጥር ሠላሳ ነው ይላል። ሌላ ቤት የሌለው፣ በቤቱ ራሱ የሚኖር፣ ዕድሜውም ከስድሳ ያለፈ ሰው እስከዚያ ቀን ካመለከተ ከግብሩ ግማሹ ይቀርለታል፤ ቀኑ ካለፈ ግን ሙሉውን ከነቅጣቱ ይከፍላል ይላል። እሳቸው ከዚህ ሁሉ ውስጥ ተመላልሰው ያነበቡት አንዱን መስመር ነበር፦ “በባለቤቱ ሙሉ ስም”።

“በቃ፣ በስሜ የተጻፈ ደረሰኝ እፈልጋለሁ” አሉ። የፈለጉት ይህንኑ ብቻ ነው።

ሰኞ ጥር ሃያ ስድስት ቀን ነጠላቸውን አጣፍተው ማዘጋጃ ቤት ሄዱ። ገንዘብ ተቀባይዋ ሰናይት የምትባል ወጣት ናት።

“ስምዎ ማን ነው እናቴ?”

“ማንያህልሻል ድረስ።”

ሰናይት ፈለገች፣ ደግማ ፈለገች። “በዚህ ስም የተመዘገበ ቤት የለም። በቤት ቁጥሩ ሳየው የሚለው...” ብላ አፈረችና አንገቷን ደፋች።

“የሚለውን አውቀዋለሁ” አሉ እትዬ ማንያህልሻል።

“እንግዲያው መዝገብ ቤት ሄደው ያሳርሙት። እኔ ያለ ስም መቀበል አልችልም።”

ገንዘብ ተቀባይዋ ያለ ስም አትቀበልም፤ እትዬ ማንያህልሻልም ያለ ደረሰኝ አያርፉም።

ወደ መዝገብ ቤት ሄዱ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ አቶ ቦጋለ ይባላሉ፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚውሉ ሰው ናቸው። ፋይሉን ከመደርደሪያው አውጥተው አቧራውን አራገፉለት።

“የብሎኬቷ ሴትዮ እርስዎ ነዎት?”

“እኔ ማንያህልሻል ነኝ።”

“እሱማ አምናለሁ። ግን ነገ ደግሞ ሌላ ሴት መጥታ እኔ ነኝ ብትልስ? የብሎኬቷ ሴትዮና ማንያህልሻል አንድ ሰው ናቸው የሚል ደብዳቤ ከቀበሌ ያምጡልኝ፣ አርማለሁ።”

መዝገብ ቤቱ ያለ ደብዳቤ አያርምም፤ ገንዘብ ተቀባይዋ ያለ ስም አትቀበልም፤ እትዬ ማንያህልሻልም ያለ ደረሰኝ አያርፉም።

ማክሰኞ ጠዋት ቀበሌ ሄዱ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ሙህዲን ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ፤ እትዬ ማንያህልሻል አግዳሚው ላይ ተቀምጠው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቁ። አቶ ሙህዲን ሲመጡ ከወንበራቸው ተነሥተው ነው ያነጋገሯቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም።

“እትዬ፣ እርስዎን የማያውቅ በዚህ ቀበሌ የለም። ግን የማውቀው እርስዎን ነው እንጂ የቦታዎን ስፋት አይደለም። ስም ሲታረም ልኬቱም አብሮ እንዲገባ ታዘናል። ቀያሹ ይለካና ልኬቱን ያምጡልኝ፣ እኔ በዚያው ቀን እጽፋለሁ።”

ቀበሌው ያለ ልኬት አይጽፍም፤ መዝገብ ቤቱ ያለ ደብዳቤ አያርምም፤ ገንዘብ ተቀባይዋ ያለ ስም አትቀበልም፤ እትዬ ማንያህልሻልም ያለ ደረሰኝ አያርፉም።

ረቡዕ ዕለት ቀያሹን ፍለጋ ወጡ። ይልቃል ይባላል፤ ያገኙት አዲስ በሚሠራ መንገድ ዳር ሜትሩን እየጠቀለለ ነው። ነገሩን ሁሉ ቆሞ ሰማቸው፤ ሰፈሩን ያውቀዋል።

“በአንድ ወገን መንገድ ነው፣ በሁለቱ ወገን ባዶ ቦታ ነው። በአራተኛው በኩል ማን አለ?”

“ጋሽ ዘውገ።”

“እሳቸው ወሰናችን እዚህ ጋ ነው ብለው ይፈርሙ። ያለ ፊርማ ለክቼ ሁለት ጎረቤት አጣልቼ አውቃለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ምያለሁ። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት እመጣለሁ፤ ፈርመው ካገኘሁ እለካለሁ።”

ቀያሹ ያለ ፊርማ አይለካም፤ ቀበሌው ያለ ልኬት አይጽፍም፤ መዝገብ ቤቱ ያለ ደብዳቤ አያርምም፤ ገንዘብ ተቀባይዋ ያለ ስም አትቀበልም፤ እትዬ ማንያህልሻልም ያለ ደረሰኝ አያርፉም።

እትዬ ማንያህልሻል ይህን ሲሰሙ ቀለል አላቸው። ጋሽ ዘውገ የሃያ ዓመት ጎረቤታቸው ናቸው። ድሮ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ቤት ውለው ቤት የሚያድሩ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ብቸኛ ሰው ናቸው። ያኑ ቀን ሳይመሽ ወረቀቱን ይዘው በራቸውን አንኳኩ።

“ጋሽ ዘውገ፣ ወሰናችን የቱ ነው?”

“አጥሩ ነዋ። አብረን አይደል የሠራነው?”

“እንግዲያው ይህን ይፈርሙልኝ። ነገ ቀያሽ ሊመጣ ነው” ብለው ብዕር ሰጧቸው።

ጋሽ ዘውገ ቀያሽ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። ብዕሩን መለሱላቸው።

“አልፈርምም።”

“ምነው? ምን በደልኩዎት?”

“ምንም አልበደልሽኝም። አልፈርምም አልኩ፣ አልፈርምም።”

እትዬ ማንያህልሻል ኩራተኛ ሴት ናቸው። ወረቀቱን አጥፈው ወጡ፤ ቤታቸው ገብተው ግን እህል አልቀመሱም። ነገ ሐሙስ ነው፣ ከነገ ወዲያ ዓርብ ጥር ሠላሳ ነው።

ጎረቤቱ አይፈርሙም፤ ቀያሹ ያለ ፊርማ አይለካም፤ ቀበሌው ያለ ልኬት አይጽፍም፤ መዝገብ ቤቱ ያለ ደብዳቤ አያርምም፤ ገንዘብ ተቀባይዋ ያለ ስም አትቀበልም፤ እትዬ ማንያህልሻልም ያለ ደረሰኝ አያርፉም።

ሐሙስ ገና ሲነጋ እትዬ ማንያህልሻል ስለ ጎረቤታቸው አሰቡ። ይህ ሰው አጥሩን ስንሠራ ከእኔ እኩል ብሎኬት ተሸክሟል። ታምሜ የተኛሁ ጊዜ ሐኪም ቤት የወሰደኝ እሱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በደህና ጊዜ ፊርማ አይከለክለኝም አሉ። ደግመው መለመን ሞት መስሎ ታያቸው። ቢሆንም ሄዱ፤ ወረቀቱን ግን ቤት ትተውት ነው የሄዱት።

“ጋሽ ዘውገ፣ ዛሬ ፊርማ ልጠይቅ አልመጣሁም። ምን እንዳስፈራዎት ልጠይቅ ነው የመጣሁት።”

ጋሽ ዘውገ እጃቸውን ፍራሻቸው ሥር ሰደው አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ያው ማስታወቂያ ነው፤ አንድም ጊዜ አልተገለጠም።

“ሦስት ዓመት ግብር አልከፈልኩም” አሉ። “ዓይኔ ሲደክም ጊዜ ተውኩት። አሁን ቀያሹ መጥቶ ያንቺን ሲለካ የእኔንም ያያል፤ ይህ ሰውዬ አልከፈለም ይላል፤ ቤቴን ይወስዱታል።”

“ይወስዱታል ያለዎት ማን ነው?”

“ሰው ይላል።”

“ወረቀቱስ ምን ይላል?”

“ወረቀቱንማ ማን ያነብልኛል? አርባ ዓመት መኪና የነዳ ሰው፣ በየአገሩ የመንገድ ምልክት ሲያነብ የኖረ ሰው፣ አንብቡልኝ ብሎ ሰው ደጅ ይሄዳል?”

እትዬ ማንያህልሻል ወረቀቱን ተቀብለው ከአጠገባቸው ተቀመጡ። “እኔ ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ ነው፤ የማነበው ቀስ ብዬ ነው። ይታገሡኛል?”

“ምን አስቸኮለኝ።”

አነበቡላቸው። በጣታቸው እየተከተሉ፣ የከበዳቸውን ቃል እየደገሙ አነበቡላቸው። ውዝፍ ያለበት ሰው እስከ ጥር ሠላሳ ቀርቦ ካስመዘገበ ዕዳውን በሁለት ጊዜ ይከፍላል የሚለው ጋ ሲደርሱ ጋሽ ዘውገ “እሱን ድገሚው” አሉ። ደገሙት። ከስድሳ ዓመት በላይ የሆነው ሰው ግማሹ ይቀርለታል የሚለውንም ደገሙላቸው።

“ቤት ይወሰዳል የሚል አለበት?”

“የለበትም። ከላይ እስከ ታች አንብቤዋለሁ፣ የለበትም።”

ጋሽ ዘውገ “ያ ወረቀትሽ የታል?” አሉ። እትዬ ማንያህልሻል ከቤታቸው አመጡት።

ጋሽ ዘውገ ፈረሙ።

ሁለት ሰዓት ላይ ይልቃል ከነሜትሩ መጣ። ዙሪያውን ለካ፣ ጻፈ። የቤቱ ማዕዘን ጋ ሲደርስ ቆመና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በሌላው ብቻ ከታች ወደ ላይ አየ። ገመድ አውርዶም አየ።

“ይህን ማን ነው የገነባው?”

“ምነው፣ ጠሟል እንዴ?” አሉ እትዬ ማንያህልሻል።

“አልጠመመም። ብዙ አዲስ ሕንጻ ለክቻለሁ፤ እንዲህ ቀጥ ያለ ማዕዘን ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው።”

“እኔ ነኝ የገነባሁት።”

ይልቃል ሜትሩን መሬት ላይ አስቀምጦ እጁን በሱሪው ጠረገና ጎንበስ ብሎ ጨበጣቸው። እትዬ ማንያህልሻል ያን ቀን የተሰማቸውን ኋላ ሲናገሩ፣ “ሃያ ዓመት ሙሉ ቆሞ፣ ገና ያን ቀን አንድ ሰው አየው” ነው ያሉት።

ጋሽ ዘውገ ፈረሙ፤ ቀያሹ ለካ።

ከሰዓት በኋላ ቀበሌ ሄዱ። አቶ ሙህዲን ቃላቸውን ጠበቁ፤ ልኬቱን አይተው፣ ደብዳቤውን እዚያው አስጽፈው፣ ማኅተሙን ራሳቸው መቱት።

ጋሽ ዘውገ ፈረሙ፤ ቀያሹ ለካ፤ ቀበሌው ጻፈ።

ዓርብ ጥር ሠላሳ ነጋ። እትዬ ማንያህልሻል ጋሽ ዘውገን ክንዳቸውን ይዘው አብረው ማዘጋጃ ቤት ገቡ። አቶ ቦጋለ ደብዳቤውን አነበቡ፣ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ፣ ማስመሪያ አምጥተው በአሮጌው ስም ላይ አንድ ቀይ መስመር አሰመሩ።

“ማንያህልሻል በየትኛው ‘ህ’ ነው?”

“በሃሌታው።”

አቶ ቦጋለ ጻፉ፤ እትዬ ማንያህልሻልም በመስኮቱ አጎንብሰው እያንዳንዱ ፊደል ሲጻፍ ተመለከቱ።

ጋሽ ዘውገ ፈረሙ፤ ቀያሹ ለካ፤ ቀበሌው ጻፈ፤ መዝገብ ቤቱ አረመ።

ሰልፉ ረጅም ነበር። የመጨረሻው ቀን ስለሆነ ከተማው ሁሉ ወጥቷል። ተራቸው ሲደርስ ሰናይት አወቀቻቸው፣ ፈገግ አለች።

“እናቴ፣ ዕድሜዎም ቤትዎም በደንቡ ውስጥ ነው። ግማሹ ይቀርልዎታል፤ እዚህ ጋ ይፈርሙ።”

እትዬ ማንያህልሻል ብዕሩን አላነሡም። “እኔ እኮ ሠርቼ የኖርኩ ሰው ነኝ። ምጽዋት ከሆነ ይቅርብኝ፣ ሙሉውን እከፍላለሁ።”

“ምጽዋት አይደለም። ሃያ ዓመት ሙሉ ሲከፍሉ ኖረዋል፤ አሁን ደንቡ የሰጠዎት መብት ነው። ዛሬ ካልጠየቁት ደግሞ ያልፋል።”

“መብት ከሆነ እፈርማለሁ” አሉ። “ቀሪውን ግማሽ ግን ተቀበይኝ፤ እሱ ለከተማው የማዋጣው ድርሻዬ ነው።”

ፈረሙ፣ ከፈሉ። ሰናይት ደረሰኙን ጽፋ፣ ማኅተም መትታ፣ በመስኮቱ አሳልፋ እንደ ደንቡ ጮክ ብላ ጠራች፦ “ወይዘሮ ማንያህልሻል ድረስ።”

አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ዞር አለ። ሃያ ዓመት በአንድ ሰፈር የኖሩ ሰዎች ሳይቀሩ ይህን ስም ገና መስማታቸው ነበር።

“እስቲ ድገሚው” አሉ እትዬ ማንያህልሻል።

ሰናይት ደገመችው።

ጋሽ ዘውገ ፈረሙ፤ ቀያሹ ለካ፤ ቀበሌው ጻፈ፤ መዝገብ ቤቱ አረመ፤ ገንዘብ ተቀባይዋ ተቀበለች፤ እትዬ ማንያህልሻልም ደረሰኛቸውን በእጃቸው ያዙ። ያን ቀን አላጠፉትም።

“ቀጣይ” አለች ሰናይት።

ጋሽ ዘውገ ከኋላ እንደ ቆሙ ናቸው። እትዬ ማንያህልሻል ክንዳቸውን ይዘው ወደ መስኮቱ አቀረቧቸውና “ቀጣዩ እኚህ ናቸው” አሉ። “ሦስት ዓመት ውዝፍ አለባቸው፤ በሁለት ጊዜ ሊከፍሉ መጥተዋል። ስማቸው ዘውገ አበጋዝ ነው። ሙሉውን ጻፊላቸው።”

እኔም የሰማሁት ይህንኑ ነው፤ ሳልጨምር ሳልቀንስ ለእናንተ አስረከብኩ።