ማታ የሚዘጋ፣ ጠዋት የሚከፈት

ጋሽ ደምሰው የሚባል አንድ ሰው ነበረ፣ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር። አሮጌ ፔጆ አለችው። አሮጌ ስላችሁ፣ ከሚስቱ ጋር ከመተዋወቁ በፊት የገዛት። ትሄዳለች፣ ዳገት ትወጣለች። አንድ ነገር ብቻ አትችልም፤ አድራ መነሳት።

ማታ ደህና ያቆማታል። ጠዋት ቁልፉን ሲያዞር ባትሪው ሞቷል። አዲስ ባትሪ ገዛ። እሱም አድሮ ሞተ። ከዚያስ? ከዚያ ሰፈሩ ለመደ። ጋሽ ደምሰው የግቢውን በር ሲከፍት ጎረቤት ሻዩን አስቀምጦ ይወጣል፣ ከኋላ ይሰለፋል፣ ይገፋል። "ዛሬ ደግሞ ምን ሆነች?" የሚል የለም።

ጭንቀት የመጣው ልጁ ማህደር ልታገባ ስትል ነው። ተወልዳ ከሆስፒታል ያመጣት በዚህች ፔጆ ነው። "ለባልሽም የማደርስሽ በዚህችው ነው" ብሏታል። ማህደርም መኪናዋን ትወዳለች። ግን፣

"አባዬ፣ በቬሎ ተገፍቼ ቤተ ክርስቲያን አልገባም" አለች።

ልክ ነች።

ፔጆዋን ኢብሮ ጋ ወሰዳት፤ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ኢብሮ ኮፈኑን ከፍቶ ሽቦውን አየና ሳቀ። ድሬ እኮ ትልቁም ትንሹም "አንተ" ነው።

"አንተ ደምሰው፣ መኪናህ ቆማም አታርፍም። ሞተሩ ጠፍቶ እንኳ ባትሪዋን የሚጠጣ አንድ ነገር አለ።"

"የቱ ነው የሚጠጣው? ፈልገው።"

"በዚህ ሁሉ ያረጀ ሽቦ ውስጥ እሱን ስፈልግ ማህደር ራሷ ልጅ ትድራለች። ቁረጠውና ተኛ።"

ባትሪው አጠገብ ማጥፊያ ገጠመለት። ቀይ እጀታ አለው። ማታ ወደ ግራ ሲዞር ባትሪው ከመኪናዋ ይለያል። ጠዋት ወደ ቀኝ ሲዞር ይገናኛል። በቃ።

የሠርጉ ዋዜማ ጋሽ ደምሰው እጀታዋን ወደ ግራ አዞረ። በስንት ጊዜው ተኛ።

ነጋ። ማህደር በቬሎዋ ከኋላ ተቀምጣለች። አባት ቁልፉን አዞረ። ዝም። ደግሞ አዞረ። ዝም።

ጎረቤትስ? ጎረቤት ልማዱ ነው። ኮቱን አጥሩ ላይ ሰቅሎ ተሰልፏል። ገፉ። እስከ መንገዱ ጫፍ ገፉ። የድሬ ሙቀት ነው፤ የሠርግ ሸሚዝ ሁሉ ጀርባ ላይ ተለጠፈ። ፔጆዋ አንዴ እንኳ አላስነጠሰችም። ጋሽ ደምሰው መሪው ላይ ተደፋ። "ኢብሮ ገደለኝ" አለ።

ማህደር ከኋላ ትከሻውን ነካችው።

"አባዬ፣ ማታ የዘጋኸውን ከፍተኸዋል?"

ጋሽ ደምሰው ከመሪው ቀና አለ። ወረደ። ኮፈኑን ከፈተ። ቀይዋን እጀታ ወደ ቀኝ አዞረ። ተመልሶ ቁልፉን ነካ ሲያደርገው ሞተሩ ተነሳ።

ሴቶቹ በእልልታ አቀለጡት። ገፊዎቹ ግን ላባቸውን እየጠረጉ፣ "ታዲያ እኛን ለምን አስገፋኸን?" አሉት።

"ለመሰናበቻ" አለና ነዳት።

እናንተስ? አልጋ ላይ ወጥታችሁ፣ መብራት አጥፍታችሁ፣ የሚጠጣችሁ የለም? ወንድማችሁ አምና የተናገራት አንዲት ቃል ሌሊቱን ሙሉ ስትጠጣችሁ አታድርም? ጠዋት ባዶ ትነሳላችሁ። ከዚያ ፓስተር ይግፋን፣ መዘምራን ይግፉን እንላለን።

"መጀመሪያ ማን እንደጀመረው ይታወቅ" ትላላችሁ። አይታወቅም። ሽቦው አርጅቷል። ቂሙን ለጌታ ስጡትና ተኙ።

ግን ስሙኝ። ቂሙን ስንቆርጥ ሰውዬውንም ቆርጠን የቀረን አለን። "ይቅር ብያለሁ" እንላለን፤ አንደውልም። በዓል ሲመጣ አንጠራም። ባትሪው ሙሉ ነው፣ የዘጋነው እኛ ነን። እንዲህ ያለውን ቤት ከዚራ በሙሉ ቢገፋው አይነሳም።

ማታ ቁረጡ። ጠዋት ክፈቱ።

አሁን ስትወጡ በር ላይ ዝም ብላችሁት የምታልፉት ሰው አለ። ታውቁታላችሁ። እስቲ ዛሬ እጃችሁን ዘርጉለት። ይነሳል።