ካሜራ እንደ ድስት አይንኳኳም

አንድ ካሜራ ሠሪ ነበር፤ ፈንታሁን ይባላል። በአንዲት የገበያ ከተማ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ፊት ለፊት በምትገኝ ሱቁ ውስጥ ከእንጨትና ከቆርቆሮ በገዛ እጁ ካሜራ እየሠራ ይሸጥ ነበር። ሙያውን ማንም አይክደውም። ሳጥኑን ሲገጥም ክፍተት አይተውም፤ ብርሃን እንዳይገባበትም የኋላ ክዳኑን ጠርዝ ዙሪያውን በለፋ የበግ ቆዳ ይለብጠዋል። ገዢ ሲመጣ ካሜራውን በመሀረብ ወልውሎ ያቀብልና፣ "እንካ፣ ይኼ የልጅ ልጅህን ያነሳልሃል" ይላል። ትንሽ ጉራ አለበት። እውነቱን ለመናገር ትንሽም አይደለም።

አንድ ነገር ብቻ አይሠራም፤ ፊልም አያጥብም። በከተማዋ ውስጥ ሌላም የሚያጥብ የለም። ሰው ፎቶውን አንስቶ ሲጨርስ ፊልሙን በአውቶቡስ ረዳት እጅ ወደ ትልቁ ከተማ ይልክና ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የአንዳንዱ ይመጣል፣ የአንዳንዱ ተበላሽቶ ይመጣና አጣቢው ይረገማል፣ የአንዳንዱ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ለአንዳንዱ ደግሞ የማያውቀው ሰው ሰርግ ይደርሰዋል። መጠበቅ ያንገሸገሸው ሰው "እስቲ ወጥቶልኝ እንደሆነ" ብሎ የካሜራውን ክዳን ከፍቶ ያያል፤ ብርሃን ይገባና የነበረውም ይጠፋል። ፈንታሁን እንዲህ ያለውን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ይስቃል። "ወጥ ነው እንዴ፣ መብሰሉን ከፍተህ የምታየው?" ይላል።

ሰዉ ለምኖታል። "ጋሽ ፈንታሁን፣ እዚሁ ጓዳህን አጨልመህ ለምን አታጥብልንም?" ያላለው የለም። እሱ ግን መልሱ አንድ ነው።

"ድስት ሠሪ ወጥ አይሠራም። እኔ ካሜራ እሠራለሁ፤ ከደጄ ከወጣ በኋላ ያለው የእናንተ ጉዳይ ነው።"

ሰው ደግሞ ያማረ አነጋገር ሲሰማ እውነት ይመስለዋል። ይስቅና ይሄዳል።

አንድ ጠዋት ዘርፌ የምትባል ሴት ጥቁር ለብሳ፣ ፀጉሯን ተላጭታ ሱቁ መጣች። ከነጠላዋ ሥር ካሜራ አወጣች። ፈንታሁን የእጁን ሥራ ገና ሲያየው አወቀው። ከዓመታት በፊት ለባሏ ለማንደፍሮ የሸጠው ካሜራ ነበር። ማንደፍሮ የሰፈሩን ሰርግና ክርስትና እየዞረ ሲያነሳ የኖረ፣ ሁሉ የሚወደው ሰው ነው። በድንገት መሞቱን ፈንታሁን የሰማው ያን ጊዜ ነው።

"እግዜር ያጥናሽ" አላት ከልቡ አዝኖ።

"አሜን። ጋሽ ፈንታሁን፣ ሁሉን ሲያነሳ የኖረ ሰው የራሱ ፎቶ የለውም። ካሜራው ሁልጊዜ እሱ እጅ ነበራ። የሌላው ሰው ለቅሶ ላይ ፎቶው ከፊት ይያዛል፤ እኛ ኮቱን ይዘን አለቀስን። አንድ ጊዜ ብቻ ካሜራውን ነጥቄ፣ 'ቁም' ብዬ በራችን ላይ አንስቼዋለሁ። ፊልሙ እዚህ ውስጥ ነው። አርባው ሳይደርስ አጥበው ይስጡኝ።"

"እኔ አላጥብም እህቴ። እንደ ሰዉ በአውቶቡስ ላኪው።"

"የላክነው ሁሉ ወይ ጠፍቷል ወይ ተበላሽቶ ተመልሷል። ይኼን አንዱን አልክም።"

"እንግዲህ ምን ላድርግሽ? ድስት ሠሪ ወጥ አይሠራም።"

ዘርፌ ካሜራውን ወደ ደረቷ አስጠጋችው። ከዚያ እንዲህ አለችው፦

"ልክ ነው፣ አይሠራም። እኔ ግን ድስት ስገዛ በጣቴ አንኳኳዋለሁ፤ ድምፁን ሰምቼ ስንጥቅ እንዳለበት አውቃለሁ። ቢያመልጠኝ እንኳ እሳት ላይ ስጥደው ሲያፈስ አየዋለሁ፤ በሚቀጥለው ገበያ ወስጄ ለሠሪዋ አሳያታለሁ። የእርስዎን ካሜራ በምን ላንኳኳው? ቢያፈስ እኔ በምን አውቃለሁ? እርስዎስ በምን ያውቃሉ?"

ፈንታሁን ተቆጣ። "የኔ ካሜራ አያፈስም። እዚሁ ሱቄ ውስጥ ፎቶ አንስቼ ሞክሬዋለሁ።"

"ሰው እጅ ገብቶ ከከረመ ካሜራዎ የወጣ ፎቶስ አይተው ያውቃሉ?"

ምን ይበል? አንድም ቀን አይቶ አያውቅም።

"እንግዲያው ሥራዎን ገና አላዩትም" አለችና ከሱቁ ደጃፍ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። "እስኪያጥቡልኝ አልነሳም።"

እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። "ትንሽ ትቀመጥና ይደክማታል" ብሎ መሮውን አነሳ። አላወቃትም። የዚያ አገር ሰው ደግሞ ሐዘንተኛ ተቀምጣ እያየ ዝም ብሎ አያልፍም። መንገደኛው "እግዜር ያጥናሽ" ይልና አጠገቧ ቁጭ ይላል፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይተካል። ካሜራ ሊገዛ የመጣውም ባርኔጣውን አውልቆ ከለቅሶተኛው ጋር ተቀመጠ። ከሰዓት በኋላ ሱቁ ለይቶለት ለቅሶ ቤት ሆነ። ከጎኑ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጠው ሸዋንግዛው ብቅ ብሎ፣ "ፈንታሁን፣ ማን ሞቶብህ ነው ሳትነግረኝ?" አለው።

ፈንታሁን በሸዋንግዛው ተናደደ፣ በሴትዮዋ ተናደደ። ከሁሉ በላይ ግን ያቺ ጥያቄ አላስቀምጥ አላስቆም አለችው። እርስዎስ በምን ያውቃሉ? መሮውን አስቀምጦ ወጣ።

"ካሜራውን ስጪኝ። ራሴ ይዤው ሄጄ አሳጥባለሁ። ከእጄ አይወጣም" አላት። ሱቁን ቆለፈና አውቶቡስ ተሳፈረ።

በትልቁ ከተማ ፊልም የሚያጥቡት ሰው ልሳኑ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ቤታቸው የኬሚካል ሽታ ይዞታል፤ የታጠበው ፎቶ በገመድ ላይ እንደ ልብስ ተሰጥቷል። ፈንታሁን የራሱን ከተማ ሰዎች በፎቶዎቹ ላይ አወቃቸው። ሙሽራዋን አወቃት፣ ቄሱን አወቃቸው። ግን በእያንዳንዳቸው ላይ ከላይ ወደ ታች የወረደ ነጭ መስመር አለ። የአንዱን ትከሻ በልቶታል፣ የሌላዋን ልጅ ጨርሶ አጥፍቷታል።

"የሰዉን ፎቶ የሚያበላሹት እርስዎ ነዎት ለካ" አላቸው።

ሽማግሌው አልተቆጡም። ክንዱን ይዘው ወደ ሌላ ገመድ ወሰዱት። "እነዚህን እያቸው። ከሌላ ሠሪ ካሜራ የወጡ ናቸው። ውሃው አንድ ነው፣ ኬሚካሉ አንድ ነው፣ እጁም ይኸው የኔ ነው። መስመር ታያለህ?"

አንድም መስመር የለም። ነጩ መስመር ያለው ከእሱ ከተማ በመጣው ላይ ብቻ ነው።

"ታዲያ ይኼን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አሉ?"

"ለማን ልናገር? የሚመጣልኝ ፊልም ነው እንጂ ካሜራው አይደለ። እኔ አጣቢ ነኝ፤ ካሜራው የሠሪው ጉዳይ ነው ብዬ ተውኩት።"

ፈንታሁን የራሱን አነጋገር ከሌላ ሰው አፍ ሰማው። ከሌላ አፍ ሲሰሙት እንደዚያ አያምርም።

ጨለማው ክፍል ገብተው ፊልሙን ካወጡ በኋላ ካሜራውን ወደ ብርሃን አምጥቶ ክዳኑን ከፈተው። የበግ ቆዳው ደርቆ ተጨማትሯል፤ አንደኛው ጥግ ላይ ከእንጨቱ ሸሽቶ የክር ያህል ክፍተት ተፈጥሯል። ሱቁ ውስጥ ጥላ ነው፤ ቆዳው እንደለፋ ይቆያል። ማንደፍሮ ግን ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በየሰርጉ ፀሐይ ሲመታው የኖረ ሰው ነው። ፈንታሁን ቆዳውን ሲለብጥ ያሰበው ስለ ሱቁ እንጂ ስለ ፀሐዩ አልነበረም። ካሜራው የሚኖረው ደግሞ ፀሐይ ላይ ነው።

ሽማግሌው ፎቶውን አጥበው ሰጡት። ማንደፍሮ በሩ ላይ ቆሟል፤ "ተይ እንጂ" እንደማለት እጁን አንስቶ ይስቃል። ዘርፌ እጇ ለካሜራ አዲስ ስለነበረ እሱን ወደ ፎቶው ዳር አድርጋ ነው ያነሳችው። ነጩ መስመር በዚያው ዳር ወርዶ የፊቱን ግማሽ ወስዶታል። አንድ ዓይን፣ የፂሙ እኩሌታና የሳቁ አንድ ጎን ቀርቷል።

ፈንታሁን አፈረ። የሰውዬው ሌላ ፎቶ በዓለም ላይ የለም፤ ግማሽ ፊቱን ያጠፋው የሱ ቆዳ ነው።

አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ ሲመለስ ሐሳብ መጣለት። "አጣቢው አበላሸው" ቢል ማን ያውቅበታል? ሰዉ ያንኑ ሲል ነው የኖረው። "እጅሽ ተንቀጥቅጦ ነው" ቢላትም ታምነዋለች። ሸክሙን የሚጥልበት ትከሻ ሞልቶለታል። እስቲ እናንተ ብትሆኑ? ፈንታሁን መናኸሪያው ሲደርስ ግን በሱቁ በኩል አላለፈም፤ ቀጥታ ወደ ዘርፌ ቤት ሄደ። ተቀመጥ ብትለውም አልተቀመጠም።

"ጥፋቱ የአጣቢው አይደለም፤ የአንቺም እጅ አይደለም" አላት። "ካሜራዬ ያፈስ ነበር።"

ዘርፌ ፎቶውን ተቀብላ ብዙ አየችው። የጠፋውን ጎን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው።

"ሲስቅ ይቺ ዓይኑ እንዲህ ትጠብ ነበር" አለች። "ግማሹም እሱ ነው። የቀረውን እኔ አውቀዋለሁ።" ከዚያ አለቀሰች። እሱም ቆሞ አለቀሰ። ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ ቀና ስትል፣ "ጋሽ ፈንታሁን፣ ካሜራዎን ገና ዛሬ አንኳኩት" አለችው።

በአርባው ዕለት ፎቶውን በክፈፍ አስገብታ ከፊት ያዘችው። ሰዉ ግማሽ ፊት ሲያይ ተንሾካሾከ፤ አንዷ "ምን ነክቶት ነው እንዲህ የሆነው?" ብላ ጠየቀች። ፈንታሁን ከወንዶቹ መሐል ተነስቶ፣ "ካሜራውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ያፈስ ነበር፤ አላየሁትም። ከኔ የገዛችሁ ሁሉ ካሜራችሁን አምጡልኝ፤ እጠግናለሁ። ከእንግዲህም ፊልማችሁን እኔው ዘንድ አምጡት" አለ። የሱ ጉራ በዚያ ቀን አልተሰማም።

ጓዳውን አጨለመ። ሽማግሌው ልሳኑንም ለምኖ አመጣቸው፤ እሳቸው ሲያጥቡ እሱ አጠገባቸው ቆሞ ይማራል። ሸዋንግዛው መጥቶ ሳቀበት።

"ሳይቸግር ጤፍ ብድር አሉ። ካሜራህን ሸጠህ አርፈህ አትቀመጥም? የሰው ፊልም ቢበላሽ ነገ አንተን ነው የሚወቅሱህ።"

"ይውቀሱኝ" አለ ፈንታሁን። "እስከ ዛሬ ያልታረምኩት የሚወቅሰኝ ስላጣሁ ነው። ካሜራው ከሱቄ ይወጣል፤ ፎቶው ወደ ሱቄ ይመለሳል። ሳይመለስ ሥራዬ አላለቀም።" ቀጥሎም የበግ ቆዳውን የሚተካበት ጥቁር ከፋይ ጨርቅ ከሸዋንግዛው ሱቅ አስቆረጠ። ሸዋንግዛው ከዚያ ወዲያ ስለ ጤፍ ብድር አላነሳም።

ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ ሆነ እንዳትሉኝ። መጀመሪያ ሰሞን ያበላሸው ፊልም አለ፤ ባለቤቶቹን እየጠራ በራሱ አፍ ነገራቸው። የተናደደም ነበር። ግን በየታጠበው ፎቶ ላይ የካሜራውን ጉድለት እያየ አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን ከነገ ወዲያ አረመ። በጓዳው ግድግዳ ላይ ከዘርፌ ፊልሙን ለምኖ በድጋሚ ያወጣውን የማንደፍሮን ግማሽ ፊት ሰቅሏል። ክዳን በለበጠ ቁጥር ቀና ብሎ ያየዋል።

ወገኖቼ፣ ካሜራ የሚሠራ ሰው ፊልምም ይጠብ ወይስ አይጠብ ብላችሁ ብትከራከሩ፣ እኔ መልሴ ይኼ ነው። ሰው ካሜራ የሚገዛው ለካሜራው ብሎ አይደለም፤ የሚወደውን ፊት ሊያስቀር ነው። ፊቱ እስኪታይ ድረስ ሥራው የሠሪው ነው። እጁ ባይደርስ እንኳ ዓይኑ ሊደርስ ይገባል፤ ፍሬውን የማያይ ሠሪ ስህተቱን በጥሩ ሙያ እየደጋገመ ይኖራልና። "ከደጄ ከወጣ በኋላ አያገባኝም" የምትለዋን ቃል መምህሩም ይላታል፣ ሐኪሙም ይላታል፣ ቤት ሠሪውም ይላታል። ቃሏ ታምራለች፤ በዚያች ቃል የተነሳ ግን የአንድ ሰው ግማሽ ፊት ጠፍቷል።

እናንተስ፣ ከደጃችሁ የወጣውን ሥራችሁን ሰው እጅ ከገባ በኋላ ሄዳችሁ ያንኳኳችሁት መቼ ነው?