ዳኛውን «አንተ» ያለች

«አንድ ዳኛ ነበሩ፤ ሞቱ» ብለው ጀመሩ የኔታ።

አንድ አናጢ ምክር ፍለጋ መጥቶ ጥያቄውን መጨረሱ ነበር። አያቱ ካረፉ መንፈቅ ሆኗቸዋል። ያገኘው ሰው ሁሉ ደግነታቸውን ያነሳለታል፤ እሱም አብሮ ያነሳል። ግን ባወራ ቁጥር ሰውዬው እየራቁት፣ መልካቸው እንኳ እየደበዘዘበት መጣ። «የኔታ፣ ረስቻቸው ይሆን? እንዳልረሳቸው ምን ላድርግ?» ነበር ያለው። የኔታ ለጠየቃቸው ሰው ቶሎ መልስ የመስጠት ልማድ የላቸውም። መቋሚያቸውን አጠገባቸው ካለው ዛፍ አስደግፈው፣ የተቀመጡበት ግንድ ላይ ተመቻችተው ቀጠሉ።

እኚህ ዳኛ በአገሩ የተፈሩ ነበሩ። ችሎት ሲቀመጡ ደመኛሞች እንኳ በሹክሹክታ ነው የሚነጋገሩት። ልጆቻቸው አንቱ ይሏቸዋል፤ ጎረቤቱ አንቱ ይላቸዋል፤ በቅሏቸው አፍ ቢኖራት እሷም አንቱ ባለቻቸው። አንዲት የልጅ ልጃቸው ብቻ፣ አንጓች የምትባል፣ አንተ ትላቸው ነበር።

እናቷ በወሊድ ስለሞተች ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። አፏን የፈታችው እሳቸው ጭን ላይ ነው። በሕፃንነቷ አንተ አለቻቸው፤ ተሳቀ። ሰባት ዓመት ሞላት፤ አሁንም አንተ። አጎቷ ጆሮዋን ይዞ ሊያርማት ሲል ዳኛው «ተዋት» አሉት። ለምን እንደሆነ አልተናገሩም፤ እሳቸው ተዋት ካሉ ደግሞ ይግባኝ የለም። ልጅቱ አደገች፣ አገባች፣ ወለደች፤ አንተ እንዳለቻቸው ቀረች።

ችሎት በሌለበት ቀን ሁለቱ ገበጣ ይጫወታሉ። ያ ፍርዳቸው ዝንፍ የማይል ሰው ገበጣ ላይ ዓይናቸውን በጨው ያጠቡ ሌባ ነበሩ። አንጓች ዞር ስትል ከእሷ ጉድጓድ ጠጠር ያነሱና ጋቢያቸው ሥር ይሸጉጣሉ።

«አንተ! መልስ!»

«ምስክር አለሽ?» ይላሉ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው።

«እግዜር አይቷል!»

«ለእሱማ መጥሪያውን ማን ያደርስልሻል?»

ከዚያ ሁለቱም በሳቅ ይፈርሳሉ።

እንግዲህ እኚህ ሰው ሞቱ። ለቅሶው ላይ የቀረ ሰው የለም። አጎቷ አንጓችን ከጓዳ ጠራና፣ «ስሚ፤ ዛሬ ትልልቅ ሰዎች አሉ። የለመድሽውን እንዳትናገሪ። እሳቸው በይ፤ አታሰድቢን» አላት። እውነቱን ነው፤ ለሰሚ ነውር ነው። እሺ አለች። ነገር ግን ደረቷን እየመታች «እሳቸው» ባለች ቁጥር የምታየው ችሎት የተቀመጡትን ሰውዬ ሆነ። እኚያን ሰውዬ ደግሞ በቅጡ አታውቃቸውም። እንባ እምቢ አላት። አልቃሿ ስለ ፍርዳቸው ስትገጥም ሴቱ ሁሉ ይንሰቀሰቃል፤ እሷ ዓይኗ ደርቆ ተቀምጣለች። «ያሳደጓት አያቷ ሞተው አንዲት ዘለላ እንኳ?» እያሉ ጎረቤቶች ተጠቃቀሱ።

ያንገበገባት ሐሜቱ አይደለም። በየቀኑ ልታስታውሳቸው ትሞክራለች፤ የሚመጣላት ግን ለቀስተኛው ያወደሰላት ሰው ብቻ ነው። አያቷ ሁለተኛ እየሞቱባት፣ አሁን ደግሞ ከውስጧ እየወጡ እንደሆነ ገባት። ፈራች።

በአርባቸው ተዝካር ወጣ። ዳሱ ውስጥ ካህናቱም ሽማግሌዎቹም ተቀምጠው፣ ጠላ እየተቀዳ፣ የሟች ነገር ተነሳ። አንድ ባለጸጋ ቆመና፣ «እኚህ ሰው አርባ ዓመት ሲፈርዱ ከሰው እጅ ጠጠር የምታህል ነገር እንኳ ያለ አግባብ ወስደው አያውቁም» አለ። ሁሉም «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አሉ።

አንጓች ጠላ ልትቀዳ እዚያው ቆማ ነበር።

«ወስደሃል!» አለች።

ጮኻ ነው ያለችው። ባለጸጋውን አይደለም፤ ፊቷን ያዞረችው አያቷ ይቀመጡበት ወደነበረው መደብ ነው።

«ወስደሃል! የእኔን ጠጠር ስትሰርቅ አይደል እንዴ የኖርከው! አንተ ሌባ! አሁን ማን ይስረቀኝ? አንተ… ማን ይስረቀኝ?»

አጎቷ ዘሎ ሊያስወጣት ክንዷን ያዘ። ይሄኔ የዳኛው ነፍስ አባት፣ አንድ አዛውንት ቄስ፣ እጃቸውን አነሱ።

«ልቀቃት» አሉ። «ይህ ኑዛዜ አይደለም፤ ስንጫወት ያሉኝን ነው የምነግራችሁ። አንድ ቀን እንዲህ አሉኝ። እናቴም ሞተች፣ ወንድሞቼም አለቁ፣ አብሮ አደጎቼንም አንድ በአንድ ቀበርኳቸው። አንተ የሚለኝ ሰው አጣሁ አባ። ሁሉም አንቱ ይለኛል፤ አንቱ የሚለኝ ደግሞ ራቅ ብሎ ቆሞ ነው። ያቺ ልጅ አንተ ስትለኝ ብቻ ቤቴ የገባሁ ይመስለኛል፤ አሉኝ። እንግዲህ እኛ በአርባቸው ከቤታቸው ልናስወጣቸው ነው?»

አጎቷ ክንዷን ለቀቀ። አንጓች እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብላ አርባ ቀን የተጠራቀመውን አለቀሰች። ለማጽናናት የሞከረ አልነበረም፤ እሷም አልተጽናናችም። ከዚያ ቀን ወዲህ መልካቸው ጠፍቶባት አያውቅም። ባስታወሰቻቸው ቁጥር ግን ያማታል።

የኔታ ወደ አናጢው ዞሩ።

«አንተም እንደዚያች ልጅ ነህ እንጂ አልረሳሃቸውም። እሷ አገር የሚያለቅስላቸውን ዳኛ አብራ ልታለቅስ ስትል አያቷ እንደጠፉባት፣ አንተም ሰው የሚያወድሳቸውን ሽማግሌ አብረህ ስታወድስ የራስህ አያት ጠፉብህ። ደግ ነበሩ ትለኛለህ። ይህንንማ እኔም አውቃለሁ፤ ቀብራቸው ላይ የሕይወት ታሪካቸውን ያነበብኩት እኔ አይደለሁም እንዴ? እኔ የማላውቀውን አንሳ። በምን ነበር የምትጣሉት? ሲናደዱ ምን ብለው ነበር የሚሰድቡህ? ለሰው ሲነገር የሚያሳፍር ከሆነ ደግሞ እሱን ነው የምፈልገው። ይቀለኛል ብለህ ግን አታስብ፤ ይብስብሃል። የሚያምህ እሳቸው ስለሆኑ ነው፤ ሌላ ሰው ቢሆኑማ መቼ ያምህ ነበር?»

አናጢው «ሲናደዱ…» ብሎ ጀመረና ፊቱን በክንዱ ሸፈነ።

የኔታ ግንዱ ላይ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁለት።

«ተቀመጥ» አሉት። «ከየትም ጀምር፤ እኔ የምሄድበት የለኝም።»