ካርዱን አላበርድም ያለው ማራገቢያ

ተረቴ ከላም በረት አይነሣም፤ የሚነሣው ወልድያ ውስጥ ከአንድ የኮምፒውተር ጠረጴዛ ነው። ጠረጴዛው የትርሲት ነው። ትርሲት የሰርግ ፊልም ታቀናብራለች፤ እጇ ወርቅ ነው፣ አፏ ግን ዝግ፤ በሠራችው ፊልም ላይ ስሟን እንኳ አትጽፍም። ቅዳሜ ጠዋት የፈለገችው አንድ ትንሽ ነገር ነበር፤ የሰናይት ሰርግ ፊልም አልቆ እንዲወጣ። መልሱ በማግስቱ ነው። የሙሽራዋ አባት አቶ ጥጋቡ በሰርጉ ዕለት ሆስፒታል ተኝተው ልጃቸውን ቆመው ሳይድሩ ቀርተዋል። ለመልሱ ይመጣሉ፤ ያንን ቀን የሚያዩት በዚህ ፊልም ብቻ ነው።

ትርሲት ቸኮለችና የኮምፒውተሩን ምስል የሚሠራውን ግራፊክስ ካርድ ከተሠራበት ፍጥነት በላይ የሚያስሮጥ ፕሮግራም ጫነች። ካርዱን ያስሮጣል፣ የሚያበርደውን ማራገቢያም ያዛል ተብሎለታል። ማስሮጡንስ አስሮጠው። ካርዱ ጋለ፣ ኮምፒውተሩም ድርግም ብሎ ጠፋ። አስነሥታ ብትለምነው ካርዱ ኮራ ብሎ፣ ካልበረድኩ ፊልሙን አላወጣም አለ።

ወደ ማራገቢያው ዞረች። እባክህ ካርዱን አብርድልኝ ብትለው፣ እኔ ያለ አዛዤ ቃል ንቅንቅ አልልም አለ። ማራገቢያው ካርዱን አላበርድም አለ፣ ካርዱ ፊልሙን አላወጣም አለ።

ወደ ፕሮግራሙ ሄደች። ማራገቢያው ቀጥ ብሎ ቆሞ በዓይኗ እያየችው፣ እሱ «በሙሉ ኃይል እየዞረ ነው» ብሎ ይጽፋል። የካርዱን ፍጥነት ወደ ታች ስትጎትተው ተመልሶ ሽቅብ ይወጣል። ልሰርዝህ ስትለው ተሰርዣለሁ ይላል፤ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ግን እሱ ቀድሞ ተቀምጦ ይጠብቃታል። ዓይኑን በጨው የታጠበ ውሸታም ነው። ከኢንተርኔት የሚወርድ አፕዴት ካላቃናኝ አላዝም አለ። ፕሮግራሙ ማራገቢያውን አላዝም አለ፣ ማራገቢያው ካርዱን አላበርድም አለ፣ ካርዱ ፊልሙን አላወጣም አለ።

አፕዴቱን ለመነች። የስልኩ ኔትወርክ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል፤ አፕዴቱም ያለ ዋይፋይ አልመጣም አለ። ዋይፋዩን ብትለምነው ቀይ መብራቱን እያበራ፣ አንድ ጊዜ አጥፍታችሁ ካላበራችሁኝ አልሠራም አለ። ዋይፋዩ አፕዴቱን አላወርድም አለ፣ አፕዴቱ ፕሮግራሙን አላቃናም አለ፣ ፕሮግራሙ ማራገቢያውን አላዝም አለ፣ ማራገቢያው ካርዱን አላበርድም አለ፣ ካርዱ ፊልሙን አላወጣም አለ።

ታዲያ አጥፍታ አታበራውም ትሉኝ ይሆናል። ዋይፋዩ ያለው ባለ መስታወቱ ቡፌ ውስጥ ነው፤ ከእንግዳ ብርጭቆዎች መሃል፣ ዳንቴል ለብሶ፣ ተቆልፎበት። ያስቀመጡት እናቷ ወይዘሮ አሰገደች ናቸው። በእሳቸው ቤት ውድ ዕቃ ይቆለፍበታል እንጂ ሜዳ ላይ አይሰጣም። ቁልፉ ደግሞ መቀነታቸው ላይ ተቋጥሯል። ቁልፉ ቡፌውን አልከፍትም አለ፣ ቡፌው ዋይፋዩን አልለቅም አለ፣ ዋይፋዩ አፕዴቱን አላወርድም አለ፣ አፕዴቱ ፕሮግራሙን አላቃናም አለ፣ ፕሮግራሙ ማራገቢያውን አላዝም አለ፣ ማራገቢያው ካርዱን አላበርድም አለ፣ ካርዱ ፊልሙን አላወጣም አለ።

እናትየው ግቢ ውስጥ ምስር ይለቅማሉ። ትርሲት ሁሉንም ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገረቻቸውና ቁልፉን ጠየቀች።

«አልሰጥሽም» አሉ።

«እማዬ፣ አቶ ጥጋቡ ነገ ይመጣሉ እኮ።»

«ይምጡ። ሰዉ በየሰርጉ ‹ይሄን የመሰለ ፊልም የማን እጅ ሠራው?› ሲል እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ምራቄን እውጣለሁ። አንቺ ካልተናገርሽ እኔ ምን ብዬ ልናገር? ስምሽን እጽፋለሁ በይኝና ቁልፉን ውሰጂ።»

ትርሲት አንገቷን ደፋች። ስሜን ብጽፍ ሰው ጉረኛ ይለኛል ብላ ስትፈራ ነው የኖረችው። ግን አቶ ጥጋቡ ትዝ አሏት።

«እሺ፣ እጽፋለሁ» አለች።

ይኼኔ መቀነቱ ተፈታ፣ ቁልፉ ቡፌውን ከፈተ፣ ቡፌው ዋይፋዩን ለቀቀ፣ ዋይፋዩ ጠፍቶ በራና አፕዴቱን አወረደ፣ አፕዴቱ ፕሮግራሙን አቃና፣ ፕሮግራሙ ማራገቢያውን አዘዘ፣ ማራገቢያው ካርዱን አበረደ፣ ካርዱም ፊልሙን አወጣ። ምስሩ ተለቅሞ ሳያልቅ ፊልሙ አለቀ።

እሑድ በመልሱ ድንኳን አቶ ጥጋቡ ከፊት ተቀምጠው ልጃቸው ስትዳር አዩ። በሰርጉ ዕለት ያልመረቁትን ምርቃት እዚያው መረቁ፤ ድንኳኑ ሁሉ አሜን አለ። ፊልሙ ሲያበቃ ጽሑፍ ወጣ፤ እሳቸውም መነጽራቸውን አስተካክለው ጮክ ብለው አነበቡት።

«አቀናባሪ ትርሲት፣ የአሰገደች ልጅ።»

ወይዘሮ አሰገደች ለዚህ ቀን ስንት ንግግር አዘጋጅተው ነበር። የራሳቸው ስም ይወጣል ብለው ግን አልጠበቁም፤ ንግግሩን ሁሉ ትተው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ቤት ሲገቡ ዳንቴሉን ከዋይፋዩ ላይ አንሥተው ኮምፒውተሩ አጠገብ፣ ትርሲት መዳፏን የምታሳርፍበት ቦታ ላይ አነጠፉት።

እኔም ተረቴን ቆለፍኩ፤ ቁልፉን ግን መቀነቴ ላይ አልቋጥርም፣ እናንተው ያዙት።