ግራዝማች ከእንግሊዝ አገር ያመጡት ቃል

ግራዝማች አስናቀው እንግሊዝ አገር ሁለት ዓመት ቆይተው ሲመለሱ፣ ከለበሱት ካፖርት ሌላ አንድ ቃል ይዘው መጡ። ቃሉ «ሊሰም» ይባላል። ከእልፍኝ በወጡ ቁጥር ሰው ሁሉ «ጌታዬ፣ ሊሰም ነዎት» እንዲላቸው አዘዙ።

በሬው ከግራዝማች ሣር ገባ ተብሎ የተወሰደበት አንድ ገበሬ ነበር። የእርሻ ወራት ሳያልፍበት በሬው እንዲመለስለት ደጅ ሲጠና ወር ሆኖታል። ቃሉን እንደ ሰማ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ «ተመስገን! ጌታዬ ሊሰማ ነው» አለ።

«‹ሊሰማ› ማን አለህ፣ አንተ ደንቆሮ!» አሉ ግራዝማች። «ሊሰም ማለት እንደ ሸምበቆ ሳይሰበር የሚጎነበስ፣ እንቅስቃሴው የሚያምር ሰው ነው። ሥሩ ‹ላይዝ› ነው፤ ድሮ ‹ለስላሳ፣ ገር› ማለት ነበር። በል፣ ከዚህ ግቢ ቃሉ የሚገባው ለማን እንደሆነ ንገረኝ። ካወቅህ በሬህን ትወስዳለህ፤ ከሳትህ ይታረዳል።»

ሰው ሁሉ «እርስዎ ነዎት በላቸው» እያለ በዓይኑ ጠቀሰው።

ገበሬው እስከ መሬት እጅ ነሣና ቀና አለ።

«ለእኛ ነዋ፣ ጌታዬ። ዓመት እስከ ዓመት ጧት ማታ እንጎነበስልዎታለን፤ እስካሁን የተሰበረ የለም። የእርስዎን ወገብ ግን፣ እግዜር ያያል፣ የስቅለት ዕለት እንኳ ሲታጠፍ አላየሁትም።»

ግራዝማች ዞር ብለው ሰዉን ቢያዩት፣ ሁሉም ሳቁን ለመደበቅ ጎንበስ ብሏል። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝምና በሬው ተፈታ።